በሰው ማኅተም

ማ ዶክሱ በሴኡል የኤሌክትሮኒክስ ገበያ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ ያረጁ የመለኪያ መሣሪያዎችን እያደሰ ነፍስ ሲዘራባቸው ሠላሳ አራት ዓመት ሆኖታል። አድሶ፣ ደጋግሞ ለክቶ፣ ልቡ ሲያምን ብቻ ከጀርባቸው ቀይ ማኅተሙን ይመታል።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ አንዲት የማያውቃት ሴት ገብታ፣ ባለመርፌ ቮልትሜትር ጠረጴዛው ላይ ዘጭ አደረገችበት።

«ማኅተሙ የእርስዎ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ባሌን ሊገድሉት ነበር! ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። መርፌው ዜሮ ሲለው፣ ኃይል የለም ብሎ ሽቦውን ጨበጠ። ሐኪሞች ሁለት ጣቱን ቆረጡት!»

ዶክሱ ብሎኑን ፈቶ ክዳኑን አነሳ። ውጩ እንደ ሙሽራ ተቀባብቷል፤ ውስጡ የሃምሳ ዓመት አቧራ ነው። የማዞሪያው መዳብ አረንጓዴ ዝገት ስለበላው፣ መርፌው ሲያሻው ይነሳል፣ ሲያሻው ይተኛል።

«ይህን እጄ አልነካውም» አላት።

«ማኅተምዎስ? በእግሩ ሄዶ ነው?»

ማኅተሙ ያለበትን መሳቢያ ከሱ ሌላ የሚከፍት አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ አሮጌ ዕቃ እየለቀመ የሚያመጣለትና የታደሰውን የሚሸጥለት ቾን ታልሆ። ዶክሱ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠ ወረደ። ታልሆ ምድር ቤት ባለው ምግብ ቤት ኑድል ይበላል።

«ስንቱ ላይ መታህ?»

«ምኑን፣ ወንድም ጋሼ?»

«ማኅተሜን!»

ታልሆ ሳቀ። «አንተ አንዱን ለማደስ ወር ትፈጃለህ፤ ገዢው ይቸኩላል። ደግሞ ለጌጥ ነው የሚገዙት። በዚህ ዘመን ማን ይለካበታል?»

«ጣቱ የተቆረጠው ሰውዬ ለክቶበታል!»

ዶክሱ ሳህኑን በክንዱ ጠርጎ ከግድግዳው አላተመው።

«አሥራ ሰባት ብቻ ናቸው» አለ ታልሆ፣ ሳቁ ጠፍቶ።

«ብቻ? የገዢዎቹን ስም ጻፍ!»

«ስማችን ይጠፋል እኮ! የሃያ ዓመት ወንድማማችነታችንስ?»

«ስሜን ቀብረህ ለቅሶ ልትደርሰኝ ነው? ጻፍ ብዬሃለሁ!»

ታልሆ አሥራ ሰባቱንም ከነስልካቸው ጻፈ።

ሴትዮዋ ሱቁ ውስጥ እንደተቀመጠች ጠበቀችው። ዶክሱ ፊት ለፊቷ ስልኩን አንስቶ ለአንድ ለአንዱ ደወለ። «ሥራው የኔ አይደለም፤ እንዳትለኩበት፣ መልሱልኝ» አላቸው። አንዳንዱ ሰደበው፣ አንዳንዱ ጆሮው ላይ ዘጋበት። እሱ ወደ ቀጣዩ ደወለ።

«መሳቢያዎን ቢቆልፉ ኖሮስ?» አለችው ሴትዮዋ ስትነሳ።

ይህኛው ከስድቡ ሁሉ ከፋው። «ጥፋቱ የኔም ነው» አለ። እሷ አላጽናናችውም፤ በሩን ወርውራው ወጣች።

በወሩ አሥራ አራቱ ተመለሱ። ቡሳን ከተማ የሚኖሩት የሦስቱ ባለቤቶች ስልክ አያነሱም። ዶክሱ ሱቁን ዘግቶ፣ ንዴቱ ገና ሳይበርድለት፣ ሊፈልጋቸው ወደ ቡሳን በሚሄደው ባቡር ተሳፈረ።