አምስቱ ያልታጠቡ ሬሳዎች

አምስቱ ሬሳዎች በመስጊዱ ግቢ፣ በድንጋይ መደቡ ላይ በመደዳ ተጋድመዋል። ከላያቸው አረንጓዴ ጨርቅ ተጥሏል። ጨርቁ አጥሮ ዳር ላይ ያለውን ሬሳ ቀኝ እጅ አላዳረሰውም። ሚትዓብ አውራ ጣቱን አየ። ጥፍሩ ከመሃል ለሁለት ተሰንጥቋል፤ የወስፌ ጠባሳ ነው። ያ እጅ በሰፋው ኮርቻ ላይ ሁለት ዓመት ጋልቧል።

«ጠጋ አትበል፣ የሼኹ ልጅ» አለው ሐጂ ቃዲር። የከተማው ሬሳ አጣቢ ነው፤ ባዶ ማሰሮውን ታቅፎ ግድግዳውን ተደግፏል። «እኔም አትንካ ተብያለሁ። አርባ ዓመት ሬሳ ሳጥብ ውሃ የተከለከልኩት ዛሬ ነው።»

«ማነው የከለከለህ?»

«አስተዳዳሪው። ከወንዝ ማዶ የመጡ ነጋዴዎች ናቸው፣ አርመን ሽፍቶች ገደሏቸው፣ ለእምነቱ የተገደለ ሸሂድ ደግሞ ሳይታጠብ ከነልብሱ ነው የሚቀበረው አለኝ። እኔን ሃይማኖቴን ሊያስተምረኝ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ፊታቸውን እንዳይለይ አድርገው ቆራርጠውታል። ወገባቸውን ግን ረስተውታል። ጨርቁን ሳስተካክል አየሁ። ያልተገረዘ ሙስሊም በዕድሜዬ አጋጥሞኝ አያውቅም። ቢታጠቡ ጉድ ይፈላ ነበር።»

 ሚትዓብ ከደቡብ፣ ከሐውራን ሜዳ የመጣ ዓረብ ነው፤ የጎሳ አለቃ ልጅ፣ የሱልጣኑ ሹም። በዚህች የጤግሮስ ወንዝ ዳር ከተማ ምክትል አስተዳዳሪ ሆኖ ከተሾመ ወዲህ ብዙ አይቷል። ከሦስት ሳምንት በፊት በግዞት የሚነዱ አርመኖችን ወታደሮች ወደ ሸለቆው ሲያወርዷቸው መንገድ ላይ ነበር። ሴቶችና ሽማግሌዎች ነበሩ። ወታደሮቹ ብቻቸውን ተመለሱ። በበቅሎዎቹ አንገት ላይ የሴት ሻሽ ታስሮ ነበር። አንዱ ወታደር በትሕትና ሰላምታ ሰጠው፤ እሱም አጸፋውን መለሰ። ከዚያ ቤቱ ገብቶ ምሳውን በላ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበው ይህ መብላቱ ነው።

አስተዳዳሪው ሸህሱዋር ቤይ ከሁለት የውጭ አገር መኮንኖች ጋር ገባ። አንደኛው መኮንን የፎቶግራፍ ሣጥኑን በሦስት እግሩ ላይ መትከል ጀመረ። ሸህሱዋር ቤይ ሚትዓብን ክንዱን ይዞ ወደ ጥግ ወሰደው።

«ኢማሙ ስለ ሟቾቹ ሲጠይቅ መጀመሪያ የምትመልሰው አንተ ነህ።»

«ለምን እኔ?»

«ሰዎቹ እኔን አያምኑኝማ። አንተ የሼኽ ልጅ ነህ፣ ቋንቋቸው ቋንቋህ ነው። ሟቾቹን አውቃቸዋለሁ፣ በጎ ሰዎች ነበሩ ካልካቸው ያለቅሳሉ። ካለቀሱ በኋላ እኔ ምንም ማዘዝ የለብኝም። ላይኛው ሰፈር የት እንደሆነ አይጠፋቸውም።»

በላይኛው ሰፈር አሥራ አንድ የአርመን ቤተሰቦች ቀርተዋል። ወንዶቹ ባለፈው ሳምንት ለመንገድ ሥራ ተብለው ተወስደዋል።

«ኮርቻ ሰፊውን ኖርሃይርን ገድላችሁ፣ በሬሳው ሚስቱን ልታስገድሉ ነው» አለ ሚትዓብ።

ሸህሱዋር ቤይ ፈገግ አለ። «ኖርሃይር ማነው? እኔ እዚያ ያለው ሸሂድ መሆኑን ነው የማውቀው። ኧረ ተው ሚትዓብ ኤፈንዲ፣ ካልጠፋ ነገር ለኮርቻ ሰፊ። በቤሩት አደባባይ ስንት ዓረብ ከሃዲ ተብሎ እንደተሰቀለ ሰምተሃል። እነዚያ እንኳ ካንተ የተሻለ ዘመድ ነበራቸው።» የሚትዓብን ኮሌታ እንደ ወንድም አስተካክሎለት ወደ እንግዶቹ ተመለሰ።

ቀትር ሆነ። ገበያው ተዘግቶ ሰው ግቢውን ሞላው። ጥጥ ነጋዴዎች፣ ጀልባ ቀዛፊዎች፣ ከሰል ሻጮች ትከሻ ለትከሻ ተሰለፉ። አንዳንዱ ከወዲሁ ጥርሱን ነክሷል፤ ቆመጥ ይዞ የመጣም አለ። ከኋላ አንዱ «ዛሬ ላይኛውን ሰፈር ነው የምናጸዳው» ሲል ሚትዓብ ሰማ። ድምፁን አወቀው። ኖርሃይር የአህያውን ጭነት ማሰሪያ በነጻ የጠገነለት ከሰል ሻጭ ነው።

ኢማሙ ሞላ ሲራጅ ሽማግሌ ናቸው። ከሬሳዎቹ ፊት ቆሙ። ዓይናቸውን ከመሬት አላነሱም። በዚያ አገር ሶላቱ ከመጀመሩ በፊት ኢማሙ ስለ ሟቹ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል፤ ሕዝቡም ሦስት ጊዜ በበጎ ይመሰክርለታል። ሰውየው በፈጣሪው ፊት ይዞት የሚቀርበው ስንቅ ይኸው ነው።

«እነዚህን ሟቾች እንዴት ታውቋቸዋላችሁ?» አሉ ኢማሙ፣ ለራሳቸው የሚያጉረመርሙ ይመስል።

ሕዝቡ ሚትዓብን አየ። ሸህሱዋር ቤይም አየው።

 ሚትዓብ ሁለት እርምጃ ወደፊት ተራመደ። እዚያ ሲደርስ ፍርሃቱ አልለቀቀውም፤ ንዴቱ ግን በለጠ። መግደላቸው አልበቃ ብሏቸው የሟቹን ስም ሰረቁ። ሃይማኖቱን ሰረቁ። አሁን ደግሞ የእሱን አፍ ሊሰርቁ ነው።

«ዳር ላይ ያለውን አውቀዋለሁ» አለ። ድምፁ ካሰበው በላይ ጮኸ። «ኮርቻ ሰፊው ኖርሃይር ነው። አርመን ነው። ከወንዝ ማዶ አልመጣም። ከዚሁ ከገበያችን፣ ከሱቁ፣ የእኛ ወታደሮች ናቸው የወሰዱት። የገደሉትም እነሱ ናቸው። በጎ ሰው ነበር።»

 ከሰል ሻጩ ቆመጡን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ። የውጭ አገሩ መኮንን ምን እንደተባለ ጓደኛውን ጠየቀ፤ ጓደኛው አልመለሰለትም። ሸህሱዋር ቤይ አልተቆጣም። በአገጩ ብቻ ጠቆመ። ሁለት ወታደሮች በሰልፉ መሃል ወደ ሚትዓብ መጡ። ሰዉ መንገድ አልከለከላቸውም፤ ፈጥኖም አልለቀቀላቸውም።

ሶላቱ ቢጀመር ማንም ቃል መተንፈስ አይችልም ነበር። ሞላ ሲራጅ «አላሁ አክበር» ብለው ሶላቱን ሊከፍቱ ለተክቢራው እጃቸውን ወደ ጆሯቸው አነሱ። ግማሽ ላይ አቆሙት። ወታደሮቹን አዩ፣ ሚትዓብን አዩ። ከዚያ እጃቸውን አውርደው ወደ ሕዝቡ ዞሩ፤ ይህን ጊዜ ቀና ብለው፣ አንድ በአንድ ፊቱን እያዩ፣ ለሁለተኛ ጊዜ ጠየቁ።

«እነዚህን ሟቾች እንዴት ታውቋቸዋላችሁ?»