የተዋስኳት ላም

እኔ በከብቶቼ የማፍር ሴት አይደለሁም። በረቴ ውስጥ የቆመችውን ላም ሁሉ ጠባይዋን ከነእናቷ አውቃለሁ። ድርቁ ግን አራት ብቻ አስቀረልኝ። መንግሥት ለከብት አርቢ የድንገተኛ ጊዜ እርዳታ ሊከፍል ነው ሲባል እልል አልኩ፤ ወዲያው ደግሞ ከአምስት ከብት በታች ላለው አይሰጥም አሉ። በዚያ ገንዘብ መኖ ካልገዛሁ አራቱም ወደ ሥጋ ቤት መነዳታቸው ነው። ወይ ጣጣ!

አምስተኛዋ ዳልቻ ነበረች። ዝናቡ የቀረ ጊዜ ለአራቱ ገለባ ልግዛ ብዬ ለጎረቤቴ ለሳቂታው ሸጥኳት። በእኛ ቤት የምትታለብ ላም መሸጥ ውርደት ነው፤ እናቴ ብትሰማ ከመቃብር ተነስታ ትቆጣኝ ነበር። ይህን ለመንግሥት ሰው ልናገር? ሞቼ እገኛለሁ! ከዚያ ወዲህ በሳቂታው አጥር በኩል እንኳ ማለፍ ትቼ ነበር።

የእርዳታው ቆጣሪ ከብት ልትቆጥር በምትመጣበት ቀን ግን በጠዋት የሳቂታውን በር አንኳኳሁ።

«ዳልቻን ለዛሬ አውሰኝ።»

«ውሰጃት» አለኝ እየሳቀ፤ «ጥጃዋ ግን እኔ ጋ ነው። ለአለባ አድርሺልኝ።»

«ምን አስጨነቀህ፣ በጠዋት ቆጥረው ይሄዳሉ!»

የት አባታቸው! የቆጣሪዋ ሞተር ብስክሌት መንገድ ላይ ጎማው ተንፍሶ፣ ልጅቷ አቧራ ለብሳ የደረሰችው በአለባ ሰዓት ነው። አራቱን ቆጥራ ወደ ዳልቻ ስትዞር ከአጥሩ ማዶ ጥጃው «እምቧ!» አለ። ዳልቻ የበረቱን መዝጊያ በደረቷ ገፍታ፣ ጡቷ እየተንጠባጠበ ወደ ሳቂታው ግቢ ሮጠች። ዕድሜዬን ሙሉ ላም አርብቼ ጥጃ ልርሳ? ጉድ እኮ ነው!

«የት ሄደች?» አለች ቆጣሪዋ።

«ዘመድ ጥየቃ።»

«ጥጃዋም የሚያድረው ዘመድ ጋ ነው እንዴ፣ እትዬ?»

ያኔ መዋሸቱ ሰለቸኝ። «ሸጫታለሁ! ለእነዚህ ገለባ ብዬ ሸጫታለሁ! ያሉኝ አራት ናቸው፤ ከፈለግሽ ሰርዢኝ!»

«መቼ ሸጧት?»

«ዝናቡ ከቀረ በኋላ።»

ልጅቷ ሳቀች። «እኛ እኮ የምንቆጥረው ድርቁ ሲጀምር የነበረዎትን ነው። በችግር የተሸጠች ላምም ትገባለች፤ ገዢው ይመስክር እንጂ።»

እኔ እውነቱ የሚሰጠኝን በውሸት ልቀበል ስደክም ውዬ!

ሳቂታው በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ ሲሰማ ኖሯል። «ገዝቻታለሁ!» ብሎ ጮኸ። «አልቅሳ ነው የሸጠችልኝ!»

«ውሸታም! አቧራ ገብቶብኝ ነው!»

«ቢለቀስም ባይለቀስም አምስት ናቸው» አለች ቆጣሪዋ። አራቱ ተረፉልኝ።

እሷን ሸኝቼ ሳቂታውን ላመሰግን ሄድኩ። ባልዲውን አቀበለኝ። «እስቲ አንቺ ሞክሪያት። ከገዛኋት ጀምሮ ወተቷን ትይዝብኛለች።»

አጎንብሼ ግንባሬን ጎኗ ላይ አሳረፍኩ። «ዳልቻዬ፣ እኔ ነኝ» አልኳት። ወተቱ ባልዲው ውስጥ ወረደ።

የሸጥኳት ቀን አቧራ አልነበረም፤ አልቅሻለሁ።