አባቴ የሰሙት ሸክላ

አባቴ መሪጌታ ወልደ አማኑኤል በመንዝ የቀየት ዜማ ቤት መምህር ናቸው። እኔን ሀብተ ማርያምን ለድጓ አሳድገውኝ ነበር፤ እኔ ግን አዲስ አበባ ገብቼ ሳክስፎን ነፊ ሆንኩ። «የመሪጌታ ልጅ አዝማሪ!» አሉና ስድስት ዓመት ዘጉኝ። መንዜ ሲያኮርፍ ደግሞ አያድርስ ነው።

በ1960 ዓ.ም. ዘጠኝ ሆነን የጃዝ ሸክላ አስቀዳን። ማይክራፎኑ አንድ ነው፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም ከሀ ይጀምራል። እኔ ሶሎዬን እየነፋሁ መሀል ላይ ቀጥ አልኩ። አልረሳሁም፤ ትንፋሽም አላጠረኝም። ልማድ ነው። ዜማ ቤት ተማሪው አንድ ክፍል ሲጨርስ ዝም ብሎ ይጠብቃል። ከሳተ አባቴ በመቋሚያቸው መሬቱን ይመታሉ፤ ከተሳካለት «እለፍ» ይሉታል። ሳይባል አይታለፍም። ያን ዕለትም ሞኙ እኔ፣ እለፍ የሚለኝን ስጠብቅ ከበሮው ብቻውን ቀረ። ከዚያ ደንግጬ ቀጠልኩ።

የባንዱ አለቃ አፈወርቅ ዓይኑን አፈጠጠብኝ። ደግነቱ ከእኔ ቀጥሎ የነፋው ዳኜ ትራምፔቱን እንደዚያ አሳምሮ ነፍቶ አያውቅም፤ ድገሙ የሚል ደፋር ጠፋ። ስህተቴ ሸክላው ላይ ቀረ።

ሸክላውንና አንድ የባትሪ ግራሞፎን ይዤ ቀየት ገባሁ። ከአባቴ አንዲት ቃል ፈልጌ ነው፤ ስድብም ቢሆን።

«እስቲ አንዴ ይስሙት፤ ሰምተው ይርገሙት» አለቻቸው እናቴ ወለተጊዮርጊስ።

አባቴ መቋሚያቸውን ይዘው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ተቀመጡ። ሸክላው ዞረ። ጥቂት ቆይተው እናቴን «አሁን የሚመራው ማነው?» አሏት፤ እኔን ላለመጠየቅ።

«እኔ ነኝ፣ አባቴ። ሌሎቹ ይቀበሉኛል» አልኩ።

ወዲያው ያ የቆምኩበት ቦታ መጣና ሳክስፎኑ ጠፋ። አባቴ መቋሚያቸውን ከፍ አደረጉ። መሬቱን ይመታሉ ብዬ ጨነቀኝ።

«እለፍ!» አሉ።

ሳክስፎኑ ቀጠለ። አለቀስኩ ብል አላፍርም፤ ደስታዬን የት ላድርገው!

ከዚያ አዲስ አበባ ያጨበጨበለት የዳኜ ትራምፔት መጣ። አባቴ ግንባራቸውን ቋጠሩ፤ ዞረውም በስድስት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቴን አዩኝ።

«ይኸኛው ሳይባል ነው የሚያልፈው» አሉኝ። «መምህር የለውም እንዴ፣ ልጄ?»