ባለ ጥልቅ ኪሱ ሱሪ

ሠላሳ ዓመት ሰው ሳሠለጥን ብዙ ስጦታ ተቀብያለሁ፤ ሰዓት፣ ሽቶ፣ ለሥራዬ ክብር ስል የማልነካው ኬክ ሳይቀር። ዛሬ ቁም ሣጥኔ ውስጥ የቀረው ግን አንድ ሰማያዊ ሱሪ ነው። ጉልበቱ ሳስቷል፣ ቀለሙም ለቋል። ባለቤቴ ሁለት ጊዜ የወለል መወልወያ ልታደርገው ሞክራ ሁለት ጊዜ ተኳርፈናል።

የሰፉልኝ እትዬ ናቸው። ስማቸው ሌላ ነው፤ በጂሙ ግን ሁላችንም እትዬ ነበር የምንላቸው። ያ ጂም አሁን የጫማ መጋዘን ሆኗል። ያኔ ከዳቦ ቤት በላይ ያለ አንድ ረጅም ክፍል ነበር፤ የብረቱና የትኩስ ዳቦው ሽታ ተቀላቅሎ እስካሁን አፍንጫዬ ላይ አለ። እኛ ሰውን አክስተን ስናሰናብት ዳቦ ቤቱ በር ላይ ተቀብሎ ያወፍርልናል፤ በዚህ ምክንያት ሥራ አጥተን አናውቅም። እኔም ቀጭን ስለነበርኩ «ሽቦ» ይሉኝ ነበር። አሁን ማንም እንደዚያ አይለኝም፤ ሆዴን ላየ ሰው ስሙ ስድብ ይመስላል።

እትዬ የመጡ ቀን ስድሳ አንድ ዓመታቸው ነበር። ደረጃውን ወጥተው ትንፋሻቸው እስኪመለስ ብረቶቹን አንድ ባንድ ገረመሟቸው።

«እነዚህን አላነሣም» አሉኝ።

«ታዲያ በምን ልርዳዎት?»

«ከወለል ብቻዬን መነሣት አስተምረኝ።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዕድሜ ልካቸውን ልብስ ሰፊ ነበሩ፤ ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከወር በፊት ማዕድ ቤታቸው ውስጥ ወደቁ። አጥንታቸው አልተሰበረም፤ ግን መነሣት አቅቷቸው ልጃቸው እስክትደርስ ሦስት ሰዓት ወለል ላይ ተኙ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጅቷ ቤቱን ዘግተው እሷ ዘንድ ይግቡ ብላ ቆርጣለች።

«ልጄ ክፉ አይደለችም» አሉ። «ቤቷ ግን ጠባብ ነው፤ ለስፌት መኪናዬ ቦታ የለም። እኔ ደግሞ ያለሱ ተቀምጬ ግድግዳ ማየት አልችልም። ለምኜ ሦስት ወር ሰጥታኛለች። በራሴ ስነሣ ካየች ትተወኛለች።»

ጀመርን። በጎን መዞር፣ በእጅና በጉልበት መቆም፣ አንዱን እግር ወደ ፊት ማምጣት፣ ከዚያ ገፍቶ መነሣት። ሲጽፉት ቀላል ነው። በሁለተኛው ሳምንት ተስፋ ቢቆርጡብኝ «ቀስ በቀስ እንቁላልም በእግሩ ይሄዳል» አልኳቸው።

«ይህን ተረት ከደገምክ አልመጣም። እንቁላል ጉልበት የለውም፤ ምን ያመዋል?»

አልደገምኩም። በሁለት ወራቸው ተነሡ። ሳይውል ሳያድር አምስቴ ደጋገሙት፤ እኔም ደረቴን ነፍቼ «ልጅዎን ይጥሯት» አልኩ።

ልጅቷ ከሳምንት በኋላ መጣች፤ እጇን አጣምራ መስተዋቱ አጠገብ ቆመች። እትዬ ተኙ፣ ዞሩ፣ ተነሡ። ጨዋ ሴት ናት፤ አልጮኸችም።

«አንተ እጅህን ሰብስብ» አለችኝ። «እማዬ፣ አንዴ ድገሚው።»

ወደ መስተዋቱ ዞርኩ። ቀኝ እጄ ከእትዬ ክርን ሥር ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ አፍሬ አላውቅም። የአሠልጣኝ እጅ አመል አለው፤ ሰው ብረት ሲያነሣ ከሥር ሆኖ መጠበቅ ስለለመደ ሳይታዘዝ ይሄዳል። ሁለት ወር ሙሉ እሳቸው ይነሣሉ ስል ለካ እያነሣኋቸው ኖሯል። እሳቸውም አልነቁ፣ እኔም አልነቃሁ።

እጄን ሰበሰብኩ። እትዬ እስከ አንድ ጉልበታቸው ድረስ መጡ፤ ከዚያ አላለፉም፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ልጅቷ ተንበርክካ አቀፈቻቸው።

«እማዬ፣ ዕቃሽን እንሸክፍ።»

«ሦስት ሳምንት ይቀረኛል» አሉ እትዬ፣ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው።

በማግሥቱ አይመጡም ብዬ ነበር። ከሰዓታቸው ቀድመው መጡ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት አቋረጡኝ።

«ይቅርታውን ተወውና እጅህን የት እንደምታደርገው ንገረኝ።»

ወደ ኋላ አጣመርኩት፤ ሲንገዳገዱ ተፈትቶ ወጣ። ወንበር ላይ መዳፌን ከሥሬ አድርጌ ተቀመጥኩበት፤ ሳላውቀው ብድግ አልኩ። በሦስተኛው ቀን እትዬ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ሰጡኝ። ሰማያዊ ሱሪ ነው፤ ልክክ ብሎ የተሰፋ፤ ኪሶቹ ግን እስከ ጉልበት ይወርዳሉ።

«የሥራ ልብስህ ነው። እጅህን ክተት።»

«መቼ ለኩኝ?»

«ሁለት ወር ወለል ላይ ተኝቼ ከእግርህ ሌላ ምን አየሁ?»

ከሁሉም ከባድ የምለው ከዚያ በኋላ ያለውን ሥራ ነው። ብረት ያነሣሁት ብዙ ነው፤ እጄን ኪሴ ከትቼ አንዲት እናት ስትታገል መቆምን የሚያህል ግን አላነሣሁም። ኪሱ ውስጥ ጨርቁን እጨብጣለሁ፣ እሳቸው ወለሉን ይጨብጣሉ። «ተንቀሳቀሰ» ይሉኛል ኪሴን እያዩ። ይወድቃሉ፣ እናርፋለን፣ ይጀምራሉ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ቆሙ። ታች ዳቦ ቤቱ ውስጥ ሰዎች ሲሳሳቁ ይሰማ ነበር።

ቀኑ ሲደርስ ፈተናው በቤታቸው ሆነ፤ በዚያው ማዕድ ቤት፣ በወደቁበት ወለል። ልጅቷ ምድጃው አጠገብ፣ እኔ በሩ ላይ፣ እጄ ኪሴ ውስጥ። እትዬ ተኙ። ዞሩ። በጉልበታቸው ቆመው ብዙ ቆዩ፤ ግንባራቸው በላብ ራሰ፤ ልጅቷ አንድ እርምጃ ስትቀርብ በዓይናቸው መለሷት። ከዚያ ገፉና ተነሡ። ልጅቷ ወንበር ላይ ዘፍ ብላ አለቀሰች።

«ከሕፃንነቷ አልቃሻ ናት» አሉኝ፣ ቀሚሳቸውን እያራገፉ።

በዚያ ቤት አሥራ አራት ዓመት ኖሩ። ሁለት ጊዜ ወድቀው ራሳቸው ተነሥተዋል፤ ልጃቸው የሰማችው ቁስሉ ከዳነ በኋላ ነው። ለእኔ ግን እንደ ወሬ በስልክ ይነግሩኝ ነበር። «ዛሬ ደግሞ ተነሣሁ» ይሉኛል፤ ከበስተኋላ የስፌት መኪናቸው ሲያንኳኳ እሰማለሁ። ስለ ሥራዬ ሰው ሲጠይቀኝ ትዝ የሚለኝ ያ ድምፅ ነው። ዛሬም ስልክ ሲጮህ እሳቸው የሚመስሉኝ ጊዜ አለ፤ ይናፍቁኛል።

በመጨረሻ የደወለችው ልጅቷ ናት። ሱሪውን ለብሼ ሄድኩ። አልጋቸውን የስፌት መኪናቸው አጠገብ አድርገውላቸዋል። በጣም ከስተዋል። ሱሪዬን ሲያዩ ፈገግ አሉ። እኔ እንደ ለመድኩት እጄን ኪሴ ከትቼ እግርጌ ቆምኩ።

«ዛሬ አልነሣም፣ ሽቦ» አሉ ቀስ ብለው። «እጅህን አውጣ።»

አውጥቼ እጃቸውን ያዝኩ። ልጅቷ ወንበር አቀረበችልኝ።