በሰንሰለት ላይ ሰንሰለት

ሙዜየን በአንድ የባሕር ወሽመጥ ውስጥ መልህቋን ከፊት ጥላ፣ የጀልባዋን ኋላ ዳር ካለው ጥድ ጋር በገመድ አስራ፣ ገና ሻይዋን መቅዳቷ ነበር። ባሏ ሐምዲ ሲሞት የተወላት ሀብት ይህቺ የእንጨት ጀልባ ብቻ ናት። ወንድሞቹ «ሴት ብቻዋን መልህቅ አትጥልም፤ ሽጪያት» እያሉ ብርዱ እስኪያልፍ ጨቅጭቀዋታል። እሷም «ታያላችሁ!» ብላ ወጣች።

ይኸኔ ነው ሩስተም የመጣው። ትልቅ ጀልባ፣ ትልቅ ሆድና ትልቅ ሳቅ ያለው ሰው ነው። ወሽመጡ ውስጥ ቦታ ሞልቶ ሳለ አጠገቧ ሊቆም ሲያነጣጥር የመልህቁን ሰንሰለት በእሷ መልህቅ ሰንሰለት ላይ አጋደመው። በዚያ ባሕር ዳርቻ የሰው ሰንሰለት መርገጥ ሚስቱን ከመስደብ አይተናነስም።

«አንተ ሰውዬ! ዓይንህን ቤት ረስተኸው ነው የመጣኸው?»

«ይቅርታ እህት ዓለም፣ አመለጠኝ። ነገ ጠዋት አነሳልሻለሁ።»

«ሐምዲ ሃያ ዓመት ሲጥል ማንም ደፍሮት አያውቅም!»

«አላህ ይዘንለት፤ እሱ አሸዋው ላይ ነበር የሚጥለው። አንቺ እኮ የባሕሩ ሣር ላይ ነው የጣልሽው። ሣር አይዝም።»

«ምክር አልጠየቅሁህም!» አለችና ጀርባዋን ሰጠችው። እውነቱን መሆኑን ስታውቅ ይበልጥ ተናደደች።

ከሰዓት በኋላ የደቡቡ ነፋስ ሳይታሰብ ተነሣ። ጥዶቹ አፏጩ። መልህቋ በሣሩ ላይ እየተንሸራተተ መጣ፤ ጀልባዋም ወደ ኋላ፣ ዳር ወዳለው ዓለት አዘገመች። ሞተሩን ብትጎረጉረው ሳለ እንጂ አልነሣም። የሐምዲ ጀልባ በእጇ ላይ ልትሰበር ነው። «ጌታዬ፣ እባክህ!» አለች።

ጀልባዋ በድንገት ተንገጫግጫ ቆመች። ከዓለቱ የቀራት አንድ ክንድ አይሞላም።

«ያዘሽ! ሰንሰለቴ መልህቅሽን ያዘው!» ሲል ሩስተም ጮኸ።

ያ የረገመችው ሰንሰለት ነው። አሁን ሁለቱም ጀልባዎች በእሱ አንድ መልህቅ ላይ ተንጠልጥለዋል። መልህቁን አንሥቶ ወደ ክፍት ባሕር ቢወጣ እሱ ይተርፋል፤ እሷ ግን ዓለቱ ላይ ትፈጠፈጣለች።

«ሂድ! የራስህን አድን!» አለችው እያለቀሰች።

«ዝም በይና የጥዱን ገመድ ላላ አድርጊው!»

መልህቁ ሁለቱን እንዲችል የራሱን ሞተር አስነሥቶ፣ ነፋሱን በጀልባው አፍንጫ እየገፋ፣ መሪውን ሳይለቅ ቆመ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነፋሱ ደከመ። ሸሚዙ ላቡን ጠጥቶ ከሆዱ ጋር ተጣብቋል።

ሙዜየን በወይን ቅጠል የጠቀለለችውን ሩዝ በሰፊ ሳህን ሞልታ በትንሿ ታንኳ ቀዘፈች። በሰደበችበት አፏ ትመርቀው ጀመር፤ ዕድሜውን፣ ልጆቹን፣ ያን ትልቅ ሆዱን ሳይቀር።

«በቃ፣ በቃ» አለ እየሳቀ፣ አንዱን ጎርሶ። «አሁን ሳይመሽ ሰንሰለቴን ላንሣልሽ?»

ሙዜየን ውሃውን አየችው።

«ተወው» አለች። «ዛሬ እዚያው ይደር።»