የካናዳ ልደት በእድር ድንኳን

የእድሩን ድንኳን አዴ ቡዜ ራሳቸው ሄደው ነው ያስመጡት። ከዚያ በኋላ ለሆነው ሁሉ ማንንም አያሙም፤ ሞኝነቱ የራሳቸው ነው።

ልጃቸው ምልኬሳ ከካናዳ በመጣ በሁለተኛው ሳምንት ቁርስ ላይ፣ "እማ፣ ሰኔ ሃያ አራት ድንኳን ይተከልልኝ። ጎረቤት ዘመድ ሁሉ ይጠራ" ሲላቸው ጉርሻቸውን መልሰው ትሪው ላይ አኖሩ። አባቱ ኦቦ ጀቤሳ ከሞቱ አራት ዓመት አልፏል። ያኔ ምልኬሳ፣ "ፈቃድ አላገኘሁም" ብሎ ቀርቷል። በአዳማ ደንብ በቀብር ያልተገኘ ልጅ አገሩ ሲገባ መጀመሪያ ለቅሶው ነው የሚደረስለት። ድንኳን ተተክሎ፣ ጋቢ ደርቦ ይቀመጣል፤ ሰው ያለቅስለታል፣ ያጽናናዋል። ሟቹም ወንድ ልጅ እንደነበረው አገር ያያል። ምልኬሳ ግን የመጣ ዕለት ሻንጣውን ፈታ፣ ተኛ፣ ሲነሳ ውሃው ለምን በፈረቃ እንደሚመጣ ጠየቀ። አባቱ የት እንደተቀበሩ አልጠየቀም።

እና ድንኳን ሲል አዴ ቡዜ ልጄ ልብ ገዛ አሉ። ነጠላቸውን አጣፍተው በቀጥታ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ ሐጂ አብዱናሲር ሄዱ። ሐጂ ከጀቤሳ ጋር በአንድ አይሱዙ ሞጆና መቂ ሲመላለሱ ያረጁ፣ ሬሳውንም ከተሸከሙት አንዱ ናቸው።

"ለጀቤሳ ነው" አሏቸው አዴ ቡዜ። "ልጁ ሊቀመጥለት ነው።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ ሐጂ። "እኔማ ሊሄድ ነው እንዴ ብዬ ከንክኖኝ ነበር።"

አዴ ቡዜ ወለንጪቲ ላሉት ለጀቤሳ እህት ለአዴ ኢዩ ሳይቀር አስደወሉ። ንፍሮ ቀቀሉ። ምልኬሳ ከድንኳኑ በማግስቱ ይበራል፤ የቀረችው ያቺ አንዲት ቀን ነበረች።

ሰኔ ሃያ አራት ጠዋት ከጓዳ ሲወጡ ልጃቸው ወንበር ላይ ቆሞ በድንኳኑ ምሰሶ ላይ ፊኛ ያስራል፤ አንዱን ቀይ፣ አንዱን ነጭ። ቀይ ካናቴራ ለብሷል። ጉንጩ ላይ ቀይ ቅጠል ተስሏል። ሃምሳ ሊደፍን ምንም ያልቀረው፣ ቦርጫም ሰውዬ፣ ጉንጩ ላይ ቅጠል!

"ይኼ ምንድን ነው?" አሉ አዴ ቡዜ።

"የካናዳ ልደት ነዋ፣ እማ! ዛሬ እኮ ካናዳ የተመሠረተችበት ቀን ነው። ድንኳኑን ለምን ያስተከልኩ መሰለሽ?"

አዴ ቡዜ የድንኳኑን ገመድ ያዙ። እሱ አላየም፤ ይተነትናል። እዚያ ዛሬ አገሩ ሁሉ ቀይና ነጭ ይለብሳል። ጠዋት መናፈሻ ውስጥ ተሰልፎ በሽሮፕ የራሰ ቂጣ ይበላል፤ ከሰዓት በየጓሮው ቋሊማ ይጠብሳል፤ ሲመሽ ሰማይ ላይ ርችት ይተኮሳል፣ ሕዝቡ ሣር ላይ ተዘርግቶ ዋው ይላል። በቃ። ለዚህ ነው መሥሪያ ቤት የሚዘጋው።

"ማንን አሸንፈው ነው?" አሉ እናቱ።

"ማንንም። ተስማምተው፣ ሕግ ወጥቶላቸው ነው። በሰላም።"

"ለስምምነት ነው ፊት የሚቀባው? የኛ ሰፈር ሽማግሌዎች በየሳምንቱ ሰው ያስማማሉ፤ ፊቱን የቀባ አላየሁም።"

ሳቀ። የሚያናድዳቸው ይኼ ሳቁ ነው፤ እናቱን እንደ ሕፃን እያየ የሚስቀው።

"ምልኬሳ፣ ሰው የሚመጣው ለአባትህ ለቅሶ ነው። እንደዚያ ብዬ ነው የጠራሁት።"

ትንሽ ክው አለ። ወዲያው ግን ፊቱ በራ። "ጥሩ ነዋ! ሁለቱንም አንድ ላይ እናደርገዋለን። እዚያ እኮ ሙት ሲታሰብ ይሳቃል፤ ትዝታው ይወራል እንጂ እንዲህ ደረት አይደቃም።"

"አንድ ሰዓት ብቻ" አሉት አዴ ቡዜ። ለልጃቸው ለምነው አያውቁም፤ ያን ዕለት ለመኑ። "ጋቢ ደርበህ አንድ ሰዓት ተቀመጥ። ከዚያ የፈለግከውን ጥበስ። አባትህ ስንት ዓመት ያንተን ስም ሲጠራ ኖሮ እኮ ነው የሞተው።"

"እሺ በቃ፣ እቀመጣለሁ።"

ሰው መጣ። ሐጂ አብዱናሲር ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ፣ "ወይኔ ጀቤሳ!" እያሉ ገቡ። ፊኛውን ሲያዩ ለቅሶው ለአፍታ ቆም አለና፣ የውጭ አገር ደንብ ይሆናል ብለው ነው መሰል ቀጠለ። ምልኬሳ በካናቴራው ላይ ጋቢውን ጣል አድርጎ የሐዘንተኛው ወንበር ላይ ተቀመጠ። አዴ ቡዜ ቅጠሉን በምራቃቸው ሊጠርጉለት ቢሉ ጉንጩን አሸሸባቸው። ይሁን አሉ። ብቻ ተቀምጧል።

ገና ሐጂ እጁን ጨብጠው፣ "አባትህ ማለት..." ብለው ሲጀምሩ ስልኩ ጮኸ። ብድግ አለ። ጋቢው ወንበሩ ላይ ቀረ፤ እሱም አልተመለሰም።

ከዚያማ ጉድ ፈላ። ትንንሽ የወረቀት ባንዲራ እየዞረ አደለ። ሐጂ አብዱናሲር በሁለት እጃቸው ተቀበሉ፤ ከሐዘንተኛ እጅ የተሰጠ አይመለስማ። ሴቶቹ በአንድ እጃቸው እንባቸውን እየጠረጉ በአንድ እጃቸው የካናዳን ቅጠል ይዘው ተቀመጡ። ምልኬሳ የሰኔ ጾም ሳይፈታ ከሰል አያይዞ ቋሊማ ደረደረ፤ ጢሱ ድንኳኑ ውስጥ ሞላ። ንፍሮውን ሲያይ፣ "እንዲህ ደረቁን አይበላም!" አለና ከሻንጣው ያመጣውን፣ ከዛፍ ይቀዳል የሚለውን ሽሮፕ አንቆረቆረበት። የሙት ንፍሮ በዛፍ ሙጫ! አዴ ቡዜ ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ አሉ።

ይኼን ሁሉ ይችሉት ነበር። ያልቻሉት የስልኩን ነው። ምልኬሳ ካናዳ ካሉ ጓደኞቹ ጋር በቪዲዮ ይነጋገር ነበርና ስልኩን ወደ ለቀስተኛው አዞረው። አዴ ቡዜ እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ግን ስልኩ ውስጥ ያሉት ፈረንጆች ሲያጨበጭቡ ሰሙ። ልጃቸው ለሴቶቹ፣ "ባንዲራውን ወዝወዝ አድርጉት! ወዝወዝ!" ሲል ሰሙ። ከሴቶቹ አንዷ፣ ጀቤሳ ልጇን ክርስትና ያነሱላት ጎረቤት፣ ግራ ገብቷት፣ ዓይኗ እንባ እንደሞላ ወዘወዘች። ስልኩ ውስጥ ሳቁ።

አዴ ቡዜ ሆዳቸው ውስጥ የነበረው ልመና ሁሉ ያኔ ቁርጥ አለ፤ የቀረው ንቀት ብቻ ነው። ለገዛ ልጅ ንቀት ይሰማኛል ብለው አስበው አያውቁም ነበር።

ይኼኔ አዴ ኢዩ ከወለንጪቲ ደረሱ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ምልኬሳን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት ጢም ሳያቀመቅም ነው። በአዴ ቡዜ አንገት ላይ ተጠምጥመው ወንድማቸውን አለቀሱ። ሲበቃቸው እንባቸውን ጠርገው፣ አፍንጫቸውን አሽትተው ወደ ጢሱ አፈጠጡ።

"ቡዜ፣ ያ ቀይ የለበሰው ማነው? በሙት ድንኳን ሥጋ የሚጠብሰው?"

አዴ ቡዜ ወደ ከሰሉ አዩ። ቅጠሉ በላብ ቀልጦ እስከ አገጩ ወርዷል። ሲያዩት ጊዜ መቆንጠጫውን ከፍ አድርጎ ሰላም አላቸው።

"እንግዳ ነው" አሉ። "የካናዳ ሰው ነው።"

ሐጂ አብዱናሲር ጎናቸው ነበሩ፤ ሰሙ። የወረቀት ባንዲራቸውን ወንበር ሥር አስቀምጠው አንገታቸውን ደፉ እንጂ አላረሟቸውም።

"ምን አለ ቢያፍር! ማን ጠራው ደግሞ?" አሉ አዴ ኢዩ። "ልጃችንስ? ምልኬሳስ የታለ?"

አዴ ቡዜ ጋቢውን ከወንበሩ አነሱ፣ አራገፉት፣ በአዴ ኢዩ ትከሻ ላይ ደረቡትና የሐዘንተኛው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው።

"አልመጣም" አሉ።