ግራውንድ አልቋል

ባለቤቴ እኔን ማሞገስ ትወዳለች። ሆስፒታሉ ውስጥ የኩላሊት እጥበት ክፍል ነርስ ናት። የአዲሱን ሕንፃ የኤሌክትሪክ መስመር የምዘረጋው ባሏ መሆኔን ከዘበኛው እስከ ዋናው ሐኪም ያልነገረችው ሰው የለም። «ኧረ አታሳፍሪኝ» እላታለሁ እንጂ አንጀቴ ቅቤ ይጠጣል።

የዚያን ቀን ግቢ ውስጥ የመዳብ ዘንግ በመዶሻ ወደ መሬት እየሰደድኩ ነበር። እኛ ባለሙያዎች ግራውንድ የምንለው ይህንኑ ነው፤ ከማሽን አካል የሚያፈተልክ ኮረንቲ በበሽተኛው ገላ እንዳያልፍ በሽቦ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ። የኩላሊት እጥበት ክፍሉ በሚገባበት ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሶኬቶቹ ተገጥመዋል፣ ኃይልም አላቸው፤ የግራውንዱ ሽቦ ግን ገና ከዘንጉ ጋር አልተያያዘም። እስኪያያዝ ድረስ አንድም ማሽን እንዳይሰካ ለሕክምና መሣሪያ ቴክኒሺያኑ ነግሬዋለሁ።

ዘንጉ ግማሽ እንኳ ሳይገባ ከላይ ጩኸት ሰማሁ። ደረጃውን እንዴት እንደወጣሁት እኔም አላውቅ። ሁሉም እማማ የሚሏቸው አሮጊት ወንበር ላይ ተጋድመው፣ ደማቸው በቱቦ ወደ ማሽኑ እየሄደ፣ «ነዘረኝ! ነዘረኝ ስላት ብርድ ነው ትለኛለች!» እያሉ ወደ ባለቤቴ ይጠቁማሉ።

ሮጬ ኃይል የሚቆርጠውን ብሬከር አወረድኩት። ባለቤቴ የማሽኑን መዘውር በእጇ እያዞረች ደማቸውን መለሰችላቸው። ተመስገን፣ ክፉ ነገር አልደረሰባቸውም።

ከዚያ በኋላ ነው ንዴቴ የመጣው።

«ሰውዬ፣ ምን ብዬህ ነበር?» አልኩት ቴክኒሺያኑን።

«አልቋል ተባልኩ። ሳልለካ መሰካቴ ጥፋቴ ነው፤ ግን አልቋል ተባልኩ።»

«ማነው ያለህ? እንዲህ ያለ ደንቆሮ በሽተኛ አጠገብ መድረስ የለበትም!»

ባለቤቴን ሰረቅ አድርጎ አያት። አስተያየቱ ሊገባኝ ይገባ ነበር፤ የእኔ አፍ ግን ሁልጊዜ ከዓይኔ ይቀድማል።

«እኔ ነኝ» አለች ባለቤቴ። «ደረጃው ላይ አግኝቶኝ ‹ባልሽ ግራውንድ ጨረሰ?› አለኝ። ጠዋት ስገባ ደግሞ ግራውንድ ላይ ያሉት ክፍሎች በሙሉ መብራታቸው በርቷል፣ ቀለማቸው ደርቋል። ‹ባሌ ሥራ አያሳድርም፣ አልቋል› አልኩት።»

ምድር ቤቱን ነው የመሰላት! ጥግ የቆመች ተለማማጅ ሳቋ አምልጧት አፏን ያዘች። የባለቤቴ ፊት ቲማቲም መሰለ። ደንቆሮ ያልኩት እሷን መሆኑ ሲገባኝ ላብ አጠመቀኝ። ይቅርታ እንደ መጠየቅ ግን አፈርኩባት። ስለ እኔ ስታወራ የሰሟት ሰዎች ሁሉ አሁን እኔን የሚያዩኝ መሰለኝ።

እማማ ክንዳቸውን ብርድ ልብሱ ውስጥ ደበቁ። «ሌላ ልጅ ትምጣልኝ» አሉ። ባለቤቴ ጓንቷን እያወለቀች ወደ በሩ ሄደች።

እማማ ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ ነህ የደረስክልኝ፣ ልጄ፤ ተባረክ። እሷ ባሌ የምትለው አንተን ነው እንዴ?»

አዎ ማለት ምን ይከብዳል?

«እኔ ኤሌክትሪሺያኑ ነኝ፣ እማማ» አልኩ።

ባለቤቴ በሩ ላይ ቆመች። ዞር ብላ አላየችኝም። እሳቸውን ነው ያየቻቸው።

«አዎ፣ እማማ» አለች፤ «ኤሌክትሪሺያኑ ነው። ሥራውን በደንብ የሚያውቅ ሰው ነው፤ ጥፋቱ የእኔ ነው።»